ተልባውን በላን፣ እግሩን ማን ለበሰው?

መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ያነበበ ሰው «የተልባ እግር» የሚባል ልብስ ሳያጋጥመው አይቀርም። አልዓዛር በደጁ ወድቆ ፍርፋሪ የሚመኝበት ያ ባለጸጋ የሚለብሰው ቀጭን የተልባ እግር ነው። በዮሐንስ ራእይ መጨረሻ አካባቢ የበጉ ሙሽራ የምትጎናጸፈውም ይኸው ነው። ኢያሪኮ ከተማ ውስጥ ረዓብ የተባለችው ሴት ሁለቱን ሰላዮች የሸሸገቻቸው ጣራዋ ላይ በተከመረ የተልባ እግር ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ስንሰማ ኖረን «ለመሆኑ ተልባ እግር አለው እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው?

ተልባ እኛ ዘንድ ሌላ ነገር ነዋ! ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይበጠበጣል። በጾም ቀን እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ሆድ ለደረቀበትም ፍቱን ነው ይባላል። ምሳሌያዊ አነጋገራችን እንኳ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ሲል ተልባን የሚያውቀው በሙቀጫ በኩል ነው። በሸማኔ ጉድጓድ በኩል የሚያውቀው ተረት እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ፍሬው ከተወቃ በኋላ አገዳው ከገለባው ጋር ይጣላል፤ አለቀ።

ተርጓሚዎቻችን «እግር» ያሉት እንግዲህ ያንን የሚጣለውን አገዳ ነው። ፈረንጅ «ሊነን» የሚለው ጨርቅ የሚሠራው ከተልባ አገዳ ልጥ ነው። ጥጥ ከፍሬ ይገኛል፣ ሱፍ ከበግ ጀርባ፣ ሐር ከትል አፍ፤ ሊነን ግን ተክሉ ከቆመበት እግር ነው የሚመጣው። በዓይናቸው ላላዩት ጨርቅ በዓይናቸው የሚያውቁትን ተክል እግር ሰጡት። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ከየት ይመጣል?

በሌላ ቦታ ደግሞ ያው ጨርቅ ሌላ ስም ይዞ ብቅ ይላል። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑ መጋረጃ የተሠራው «ከጥሩ በፍታ» ነው። የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታን ሥጋ ለመገነዝ የገዛውም በማርቆስ ወንጌል «በፍታ» ይባላል። በፍታ መሠረቱ የፋርስ ቃል ነው፤ «የተሸመነ» ማለት ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው በምዕራብ ሕንድ በጉጃራት የሚሠራውን ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነበር። ስሙ ከጨርቁ ጋር ባሕር ተሻግሮ እኛ ገበያ ገባ፤ ከገበያው ደግሞ ወደ ቅዱሱ መጽሐፍ። እናም የግብፅና የእስራኤል የተልባ ልብስ በአማርኛ የሕንድ ጥጥ ስም ለበሰ ማለት ነው። አንዱን ስም ያገኘነው ከማሳ ነው፣ ሌላውን ከሱቅ። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነግሩን ጨርቁ ራሱ እኛ ቤት የተለመደ እንዳልነበረ ነው።

ይህን ስል ሊነን አገራችንን ረግጦ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ረግጧል፤ ያውም በጥንት ዘመን። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ አንድ ስሙን ያልነገረን በግሪክኛ የሚጽፍ የግብፅ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች እየዘረዘረ «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በሚባለው ሰነድ ላይ አዱሊስ የሚራገፉትን ዕቃዎች መዝግቦልናል። ከዝርዝሩ ውስጥ ከግብፅ የሚመጡ የሊነን ጨርቆች አሉ፤ ከሕንድ የሚመጡ የጥጥ ጨርቆችም አሉ። የአክሱም መኳንንት የተልባ እግር ሳይለብሱ አልቀሩም ብንል ብዙ አንሳሳትም። ግን የሌላ አገር ተልባ፣ የሌላ አገር እግር።

ጥጡ ግን አብሮን ለመዱ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ የዘመተበትን ታሪክ በድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ ካጠፋው የጠላት ሀብት መካከል የእህልና የ«ጡጥ» ማከማቻ ይገኝበታል። ጡጥ የግእዝ ጥጥ ነው። ንጉሡ ድሉን ለመመስከር ከእህል ቀጥሎ የጠራው እሱን መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ ተልባው በእጃችን እያለ እግሩን ለምን አልለበስነውም? ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር ሲሰበስብ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ ይኸው ተልባችን ነበር። ሌላው ዓለም ለክርና ለዘይት የሚዘራውን ኢትዮጵያ ለዱቄት ትዘራዋለች። የኛ ተልባ አጭር ነው፣ ቅርንጫፉ ብዙ፣ ፍሬው ብዙ። ለክር የሚሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቅርንጫፍ እንዳያወጣ ተጠቅጥቆ ይዘራል፣ እስከ አንድ ሜትር ይመዘዛል፣ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል። ገበሬያችን በሺህ ዓመታት ውስጥ ዘሩን የመረጠው ለአፉ እንጂ ለጀርባው አልነበረም። ለጀርባው ጥጥ ነበረለት፤ ደጋው በጋራ ሲበርደው ቆላው ጥጥ ያበቅልለታል። ሁለቱን ከአንድ ተክል መጠበቅ ምን አስጨነቀው?

ሥራውን ያየ ሰው ደግሞ «እንኳን ቀረብን!» ሳይል አይቀርም። ጥጥ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ እንዝርቱን መያዝ ነው። ተልባ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ከተዘራ መቶ ቀን ገደማ ሲሆነው ይነቀላል። አይታጨድም፣ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ክሩ ከሥር እስከ ጫፍ ስለሚሄድ በማጭድ መቁረጥ ማሳጠር ነው። ፍሬው ይራገፍና አገዳው ይበሰብስ ዘንድ ኩሬ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ወይም ማሳው ላይ ተዘርግቶ ለሳምንታት ጤዛ እንዲመታው ይደረጋል። የሚበሰብሰው ክሩንና እንጨቱን ያጣበቀው ሙጫ ነው። ቀኑ ካነሰ ልጡ አይላቀቅም፤ ከበዛ ክሩም አብሮ ይበሰብሳል። የተዘፈዘፈበት ውኃ ሽታው አገር ያስለቅቃል። ከዚያ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ እንጨቱ እየተመታ ይራገፋል፣ በመጨረሻም በብረት ጥርስ ይበጠራል። ያኔ የሚወጣው ክር መልኩ ወርቃማ ነው። እንግሊዝኛ የሰውን ወርቃማ ጠጉር በተልባ ስም የሚጠራው ለዚህ ነው። «ላይን» የሚሉት መስመርም ስሙን ያገኘው ከተልባ ክር ነው። ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቁም ሲባል የሚወጠረው እሱ ነበራ!

ይህን ሁሉ ድካም ከሁሉ በፊት በሰፊው የያዘችው ግብፅ ናት። ሄሮዶቱስ የግብፅ ካህናት ከሊነን በቀር ሌላ ልብስ እንደማይለብሱ ጽፏል። ሬሳቸውን የጠቀለሉበትም እሱ ነው። ታዲያ ለመገነዣ ብዙውን ጊዜ የሚውለው አዲስ ጨርቅ አልነበረም፤ ያረጀ አንሶላና ልብስ እየተቀደደ ነው። ያቺ ባለ ፒራሚድ አገር ጨርቅ አትጥልም ነበር።

ስለ ጨርቅ አለመጣል ካነሳን አንድ ታሪክ ልጨምር። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ከካይሮ በስተደቡብ ታርካን በሚባል የመቃብር ስፍራ ሲቆፍር የቆሸሸ የሊነን ቡትቶ ክምር አገኘ። ወደ ለንደን ተላከ፣ ተቀመጠ፣ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1977 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጨርቅ ባለሙያዎች ክምሩን ሊያጥቡ ሲፈቱት ከመካከሉ አንድ የተሰፋ ልብስ ወጣ። ደረቱ ላይ በጥንቃቄ ታጥፎ የተሰፋ፣ እጅጌው የተሸበሸበ፣ በቀጭን ሰው ልክ የተሠራ። በ2015 በካርቦን ሲመረመር ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3482 እስከ 3102 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እስካሁን ከሚታወቁ የተሸመኑ ልብሶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። እኔን ከዕድሜው ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ክርኑና ብብቱ ላይ የመልበስ ጭምድዳት አለ፤ የተገኘውም ተገልብጦ ነው፤ አንድ ሰው በራሱ በኩል አውጥቶ እንደጣለው። ለመቃብር ተብሎ የተሰፋ አይደለም፤ ሰው የኖረበት ልብስ ነው። ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የታጠፈ ክርን ዛሬም ይታያል። ሊነን ይጨማደዳል እያሉ የሚያሙት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ከግብፅ ወደ አውሮፓ እንሻገር። እዚያ ሊነን የገበሬ ቤት ሥራ ሆኖ ቆይቶ በፍላንደርስና በሆላንድ፣ ኋላም በአየርላንድ ትልቅ ንግድ ሆነ። በሃይማኖቱ ከፈረንሳይ የተሰደደው ሉዊ ክሮምሊን እ.ኤ.አ. በ1698 ሰሜን አየርላንድ ሊዝበርን ከተማ ገብቶ ሸማኔዎችን አደራጀ፤ ሽመናው ግን ከእሱ በፊትም ነበር። በ1711 የሊነን ቦርድ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ቦርዱ እስከፈረሰበት እስከ 1828 ድረስ ከሠራቸው ሥራዎች እኔ የማደንቀው ማኅተሙን ነው። ሸማኔው ጨርቁን ገበያ ሲያወጣ ሹሙ ወርዱንና ርዝመቱን፣ የሽመናውንም ጥራት አይቶ ያትምበታል። ሸማኔዎቹ ይህን ሁሌ አልወደዱትም፤ አምባጓሮ ያስነሱበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ለንደን የተቀመጠ ገዢ አልስተር ያለውን ሸማኔ ሳያይ የሚያምነው በዚያች ማኅተም ነበር።

ጨርቁ ሲሸመን ቡናማ ነው፤ የሚነጣው በሣር ላይ ነው። በአመድ ውኃ ይቀቀላል፣ በአሬራ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ለወራት ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። አስቡት፤ የአንድ ሰው ሀብት በሙሉ ሌሊትና ቀን ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሲያድር! ጠባቂ ይቆማል፤ የጠባቂዎቹ ማማዎች ዛሬም አየርላንድ ውስጥ አሉ። ሕጉ ደግሞ ከማንጫ ሜዳ ጨርቅ የሰረቀ ይሰቀል ይላል። ለአንድ ጣቃ ጨርቅ አንገት! ይህ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1811 ሲሆን፣ ይሻርልን ብለው ለፓርላማ አቤት ካሉት መካከል የማንጫ ሜዳዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው ነበሩ። ርኅራኄ ይሆናል፤ ስሌትም ነበረበት። ሰው ለጨርቅ ሲባል እንዲሰቀል የማይፈልጉት ዳኞች ሌባውን ነጻ እየለቀቁባቸው ተቸግረው ነበር። ቅጣቱ ሲከብድ ፍርዱ እየቀለለ ሄደ ማለት ነው። ይህን ነገር ሕግ አውጪ የሆነ ሁሉ ቢያስብበት አይጠላም።

ቀጥሎ ማሽኑ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1810 ናፖሊዮን የተልባ መፍተያ ማሽን ለሚሠራ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ እሸልማለሁ ብሎ አወጀ። ፊሊፕ ደ ዢራር የሚባል ፈረንሳዊ ሠራው፤ ሽልማቱ ግን ሳይከፈለው ቀረ። በ1825 ጄምስ ኬይ የሚባል እንግሊዛዊ ክሩን በውኃ እያለሰለሱ የሚፈትሉበትን ዘዴ አሻሻለው። ከዚህ በኋላ የአልስተር ሴቶች በየቤታቸው ደጅ ላይ ፈትለው የሚያገኟት ሳንቲም ደረቀች፤ ሴቶቹም ወደ ፋብሪካ ገቡ። ቤልፋስት የሊነን ከተማ ሆነች። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈንድቶ ጥጥ ሲጠፋ ደግሞ ባለ ፋብሪካዎቹ ሀብት በሀብት ሆኑ።

ሴቶቹስ? መፍተያው ክፍል በሞቀ ውኃ እንፋሎት የታፈነ ነው፤ ወለሉ ውኃ ነው፤ የሚሠሩት ባዶ እግራቸውን ነው። እግራቸው ይቆስላል። ማበጠሪያው ክፍል ደግሞ አቧራ ነው፤ ሳንባ ይበላል። እግዜር ያሳያችሁ፤ የተልባ እግር የሚሠራው በሰው እግር ቁስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 አንዳንድ ባለ ፋብሪካዎች አዲስ ደንብ ለጠፉ፤ በሥራ ሰዓት መዝፈን፣ መሳቅ፣ ማውራት፣ ጠጉር ማስተካከል ሳይቀር ያስቀጣል። ሴቶቹ ሥራ አቁመው ወጡ። ገንዘብ አልነበራቸውምና ብዙ አልቆዩም። ያደራጃቸው የነበረው ጄምስ ኮኖሊ ምን መከራቸው? ስትመለሱ ተነጣጥላችሁ አትግቡ፤ አንድ ላይ፣ እየዘፈናችሁ ግቡ፤ አንዷ ሳቀች ተብላ ብትገሠጽ ሁላችሁም ሳቁ። እየዘፈኑም ገቡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው የኛ ሰው እነዚህን ሴቶች ቢያይ አገሩ የገባ ይመስለው ነበር።

የዚያ ሁሉ ፋብሪካ ዘመን ዛሬ አልፏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ርካሽ ጥጥና ናይሎን፣ ቀጥሎም ፖሊስተር መጡ፤ የቤልፋስት መፍተያዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። ዛሬ ሊነን ዓለም ከሚጠቀምበት የጨርቅ ክር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከረጅሙ ክር ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚበቅለው በፈረንሳይ፣ በቤልጂግና በሆላንድ የባሕር ዳር ነው። አብዛኛው ግን ለመፈተል ቻይና ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ፈረንሳይ ውስጥ ጥቂት መፍተያዎች እንደገና ተከፍተዋል።

እንግዲህ ይህን ያህል መንገድ የሄደ ጨርቅ ቦሌ ወይም መርካቶ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ስናገኘው በምን እናውቀዋለን? «ሊነን ነው» የሚለው ሻጩ ነው። ጽሑፉን ቢያነቡት «የሊነን መልክ» ይል ይሆናል፤ መልኩ ሊነን፣ ሥጋው ፖሊስተር ነው ማለት ነው። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ የሚፈለገው የመቶኛው ቁጥር ነው። ቀጥሎ በእጅ መዳሰስ፤ እውነተኛ ሊነን ቀዝቀዝ ይላል፣ ክሩ እዚህም እዚያም ወፈር ወፈር ይላል። በጭብጥ ጨምቀው ሲለቁት ይጨማደዳል፤ ካልተጨማደደ ይጠርጥሩ። ጠብታ ውኃ ሲያርፍበት ወዲያው ይመጣል፤ ፖሊስተር ላይ ዶቃ ሆኖ ይቀመጣል። አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል የሚፈቅድ ነጋዴ ካገኙ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው። ሊነንና ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታሉ፣ አመዳቸው ስስ ነው። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ድቡልቡል ጠጠር ይሆናል።

ከገዙት በኋላስ? ሊነን ሲያዩት ቅብጥ ያለ ይመስላል እንጂ ጠንካራ ነው፤ ያውም ሲረጥብ ከደረቁ ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ መታጠብ አይፈራም፤ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ጣቃ ገዝተው ልብስ የሚያሰፉ ከሆነ ግን ልብስ ሰፊው መቀስ ሳያነሳ በፊት ጨርቁ ይታጠብ፤ አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይገባል። በለብታ ውኃ ይታጠብ፤ በረኪና አይንካው። በረኪና የዚያ ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቴናንት እ.ኤ.አ. በ1799 የወራቱን የሣር ሜዳ ሥራ ለማሳጠር ያወጣው የማንጫ ዱቄት ዘመድ ነው፤ የወራቱን ሥራ በሰዓት የሚጨርስ ነገር ክሩንም አብሮ ይጨርሳል። አጥብቀው አይጭመቁት፤ ባለቀለሙን ጥላ ላይ ያስጡት። ካውያ የሚነካው እርጥበቱ ሳይለቀው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ከጭምድዳቱ ጋር መታገል የከንቱ ድካም ነው። ብል አይበላውም፤ ጠላቱ ሻጋታ ነውና በደንብ ሳይደርቅ ቁም ሣጥን አይግባ። ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መሥመር ላይ አይጠፍ፤ ክሩ የሚሰበረው እጥፋቱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ እናቶቻችን ያውቁት ነበር፤ በሌላ ጨርቅ ላይ ሆኖ ነው እንጂ። ነጠላ በበረኪና አይነካም፣ በእንዶድ ይታጠባል። ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ይነከራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው፣ ከዚያም የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድለውን ነገር ያገኘው በዚህ የልብስ አጠባ ዕውቀት ጫፍ ላይ ቆሞ ነው። ሳይንሱ የእሱ ነው፤ ወንዝ ዳር ያደረሰችው ግን የነጠላ አጣቢዋ ናት።

አሁን የሚያሳስበኝ ይህ ዕውቀት ከእጃችን እየወጣ መሆኑ ነው። በዓል ሲደርስ ገበያው በሐበሻ ልብስ ይሞላል። ጥለቱ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው ይማርካል። ገልበጥ አድርገው ውስጡን ቢያዩት ግን ጥለቱ የለም፤ ገርጥቶ ይታያል። በማሽን የታተመ ሥዕል ነው፤ ጨርቁ ፖሊስተር፣ መነሻው ባሕር ማዶ። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ አንድ ቀሚስ ለመጨረስ ጉድጓዱ ውስጥ ቀናት ይቀመጣል። የጥለቱ ክር በውስጥ በኩል ሲሻገር ይታያል፤ ማኅተሙ ያ ነው። የምትፈትልለት ሴትም አለች፤ ድሩ ከፋብሪካ ቢመጣ እንኳ ማጉን በእንዝርት የምታሾር። ገዢው ልዩነቱን ካላወቀ እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ይሁኑ? ከማሽኑ ጋር በዋጋ እንዲወዳደሩ መጠየቅ የአልስተርን ሴት ከቤልፋስት ፋብሪካ ጋር ተወዳደሪ እንደማለት ነው።

«ድሃ ርካሽ ቢገዛ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ምንም የለበትም። የታተመውን የታተመ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴም አልተጣላኝም። የሚያጣላን የታተመው በተሸመነው ስም፣ የተሸመነውም በታተመው ዋጋ ሲለካ ነው። ደግሞ ርካሹ ርካሽ ነው ወይ? አንድ ጋቢ አባት ለብሶት ልጅ ይወርሰዋል፤ ሲያልቅም የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። የታተመው ቀሚስ ከሦስተኛው እጥበት በኋላ ምን እንደሚመስል የገዛችው ታውቃለች።

ሸማኔ እኛ አገር ከሁሉ በፊት የተጎዳው በስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ በጠቅላላው ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲታቀብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር ስለሰደደ ነው። ልብሱን በክብር ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፣ ሠርግ እንታደማለን፤ የሠራውን ሰው ግን ስሙን አንጠራም። ጠርዙ ላይ ያለውን «ጥበብ» እንለዋለን፤ ጥበበኛ የሚለውን ቃል ደግሞ ስድብ አድርገነው ኖረናል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሰውን ከመስደብ የማይተናነስ ሌላ በደል አለ፤ ሥራውን አለማወቅ።

የአየርላንዱ ማኅተም የሠራው ሥራ ይህንኑ ነበር፤ ገዢ ሸማኔውን ባያውቅ እንኳ ሥራውን እንዲያውቅ ማድረግ። እኛ ዘንድ ማኅተሙ የእናት ጣት ነበር፤ ፈትሉን በጣቷ አሽታ «ይሄ ላላ፣ ይሄ ጠበቀ» የምትል። ያቺ ጣት እያረጀች ነው። የሸማኔ ማኅበር ይሁን፣ የጥራት መሥሪያ ቤት፣ ወይም ነጋዴው ራሱ፣ አንዱ «በእጅ የተሸመነ፣ ጥጥ መቶ በመቶ» የሚል የሚታመን ምልክት ቢለጥፍበት ለሸማኔው ከስብሰባና ከመግለጫ የተሻለ ውለታ ይውልለታል።

እስከዚያው ግን ከኛ የሚጠበቀው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ልብስ ስንገዛ፣ ሊነንም ይሁን ነጠላ፣ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ገልበጥ አድርገን ውስጡን እንይ። ከምን ተሠራ? ማን ሠራው? ብለን እንጠይቅ። ነጋዴው መልስ ካጣ ለሚቀጥለው ገዢ ይዘጋጅበታል። ጠያቂ ሲበዛ መላሽ መብዛቱ አይቀርም፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ሸማኔም መወርወሪያውን ሳይጥል ይቆየን ይሆናል።